መሣሪያው ባለበት፦ የድኅረ ዶክትሬት ምርምር ታሪክ ከአሰላ ሲታይ

ከአዳማ ተነስቶ በዴራ፣ በኢተያና በጎንዴ አድርጎ ወደ አሰላ የሚወጣ መንገደኛ ከተማዋ ሊገባ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩት ቁሉምሳን ያልፋል። በመስከረምና በጥቅምት የግብርና ምርምር ማዕከሉ ማሳ ከሩቅ ሲያዩት የማንኛውም የአርሲ ገበሬ ስንዴ ይመስላል። ጠጋ ላለ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ አንዳንዱ መደብ የተዘራው እንዲታመም ነው። ዋግ ቶሎ የሚይዘው ዝርያ ሆን ተብሎ በየመካከሉ ይዘራል፤ በሽታው ከእሱ ተነስቶ ግራና ቀኝ ወዳሉት መስመሮች ይዛመታል። ተመራማሪዎች መዝገብና እርሳስ ይዘው በየመስመሩ እያለፉ የትኛው ዝርያ እንደወደቀ፣ የትኛው እንደተቋቋመ ይጽፋሉ።

በዓለም ትልልቅ የምርምር ማሳዎችና ቤተ ሙከራዎች እንዲህ ያለውን ሥራ ከሚሠሩት መካከል ቦታው በቀላሉ የማይገለጽ አንድ ሠራተኛ አለ። ዶክትሬቱን ስለጨረሰ ተማሪ አይባልም፤ ቋሚ መደብ ስለሌለውም መምህር አይባልም። የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ውል ይዞ፣ በሰው ቤተ ሙከራ፣ በሰው መሣሪያ የራሱን ጥያቄ ያሳድዳል። በደብዳቤ ላይ «ድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ» ይባላል፤ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ወሬ ግን «ፖስትዶክ» ነው። ይህ ማዕረግ የት እንደተወለደ፣ ወደ ኢትዮጵያ በየትኛው በር እንደገባና በአርሲ ደጋ ምን መልክ እንደያዘ የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ተደጋግሞ ያገኛል፦ ተቋሙ የመሣሪያን ዱካ ይከተላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ፈር ቀዳጇ የአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ናት። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1876 ሥራ ሲጀምር 20 የምርምር ድጎማዎችን አዘጋጀ፤ ከተቀበሏቸው ወጣቶች አንዳንዶቹ አስቀድመው ዶክትሬት የያዙ ነበሩ። ማዕረጉ የጠራ መልክ የያዘው ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1919 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ከሮክፌለር ፋውንዴሽን ባገኘው ገንዘብ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ ዶክተሮች የድጎማ ፕሮግራም ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዱ አርተር ኮምፕተን ነበር። ገንዘቡን ይዞ ወደ ካምብሪጁ ካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ተሻገረ፤ በዚያ ስለ ጋማ ጨረር መበተን የጀመረው ሥራ በ1927 የኖቤል ሽልማት ወዳስገኘለት ግኝት አመራው።

ፊዚክስና ኤሌክትሮኒክስ ይህን ተቋም ቀድመው የፈለጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሙቀት፣ ብርሃን፣ የአፈር እርጥበትና የመሬት ንዝረት የሚለዋወጡት እንደ ወራጅ ውኃ ሳይቆራረጡ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ዜሮንና አንድን ብቻ ያውቃል። ያን ያልተቋረጠ ለውጥ በቮልቴጅ መልክ ተቀብሎ የሚያጎላው፣ የሚያጣራውና ለቁጥር የሚያሰናዳው ሙያ አናሎግ ኤሌክትሮኒክስ ይባላል። ካውያና ስታኞ ይዞ የተቃጠለ ሬዲዮ የሚጠግን የአሰላ ባለሙያም ሥራው ከዚሁ ቤት ነው። ተመራማሪው የሚለየው የሚያሳድደው ምልክት እጅግ ደካማ በመሆኑ ነው። የሽቦው ርዝመት፣ የመሬት መስመሩ አያያዝ፣ የክፍሉ ሙቀት፣ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው የ50 ኸርትዝ መብራት፣ ሁሉም በልኬቱ ላይ ጫጫታ ይጨምራሉ።

ያን ጫጫታ ከምልክቱ መለየት ለዓመታት አንድ መሣሪያ ሲያቃና ከኖረ ሰው አጠገብ ተቀምጦ የሚወረስ ሙያ ነው፤ መጽሐፍ ብቻውን አያደርስም። የአብነት ትምህርት ቤትን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የቅኔ ተማሪ የአንዱን መምህር ጉባኤ ከጨረሰ በኋላ የዋሸራን፣ የጎንጅን ወይም የዋድላን ስልት ለመጨመር ስንቁን ይዞ አገር ያቋርጣል። ተመርቋል፤ ግን ገና ወንበር አልዘረጋም። ፖስትዶክም የሚገኘው በዚሁ መሐል መንገድ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ወጣት ሳይንቲስቶችን በዙሪያቸው ካሰባሰቡ መሣሪያዎች ቀደምቶቹ የቆሙት አራት ኪሎ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲመሠረት ሥራውን የያዙት ካናዳውያን ኢየሱሳውያን ነበሩ። ከእነሱ አንዱ አባ ፒየር ጉዌን በ1957፣ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲጀመር፣ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ። ቦታው የተመቸ ነበር። አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ በዚያ መስመር ላይ፣ ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። ማግኔቶሜትሮቹ የዚያን ጅረት ጥላ መመዝገብ ያዙ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጣቢያው በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ሴይስሞግራፍ ወደተተከለበት መረብ ገባ። አሠራሩ ለዘመኑ አናሎግ ጥበብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ምድር ስትነቃነቅ ጥቅልል ሽቦ በማግኔት ውስጥ ይወዛወዛል፤ ከእሱ የሚወጣው ደካማ ኮረንቲ በጋልቫኖሜትር ላይ ያለችን ትንሽ መስታወት ያዞራል፤ ከመስታወቷ የሚንጸባረቀው ብርሃን ደግሞ በሚሽከረከር የፎቶ ወረቀት ላይ መስመር ይስላል። አባ ጉዌን በ1961 የካራቆሬን አካባቢ ያናወጠውን መንቀጥቀጥ አጠኑ፤ በ1979 ደግሞ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በአንድ ጥራዝ አሰባስበው አሳተሙ። ከአርሲ ደጋ ቁልቁል በሚታየው ስምጥ ሸለቆ፣ በላንጋኖ አካባቢ በነሐሴ 1906 እንደደረሰ የሚገመተው ታላቅ መንቀጥቀጥም በዚያ ጥራዝ ውስጥ ይገኛል።

ኦብዘርቫቶሪው ከውጭ ለሚመጡ ተመራማሪዎች ማረፊያ፣ ወደ ውጭ ለሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ደግሞ መነሻ ሆነ። ሴይስሞሎጂስቱ አታላይ አየለ በስዊድን ኡፕሳላ ዶክትሬታቸውን ሠርተው የተመለሱት ወደዚሁ ቤት ነው። ከ2001 እስከ 2003 «ኢግል» የተባለው ፕሮጀክት የብሪታንያን፣ የአሜሪካንና የአዲስ አበባን ዩኒቨርሲቲዎች አስተባብሮ በስምጥ ሸለቆውና በግራ ቀኙ ባሉት አምባዎች ላይ ከ1,000 በላይ ሴይስሞግራፎችን ዘረጋ። እንዲህ ያለ ዘመቻ የሚቆመው በዶክትሬት ተማሪዎችና በፖስትዶኮች ትከሻ ነው፤ ባትሪ የሚቀይሩት፣ ሽቦ የሚፈትሹት፣ የተቀዳውን የሚያበጥሩት እነሱ ናቸው።

አሰላ ላይ የተተከለው መሣሪያ ግን ሌላ ዓይነት ነበር።

በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በተፈራረሙት ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአካባቢው አጠራር «ካዱ»፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን አሰላ ላይ አደረገ። የመጀመሪያው ኃላፊ ስዊድናዊው ቤንግት ኔክቢ ነበሩ። ካዱ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የተሻሻሉ የወተት ላሞችን በአንድ እሽግ ለገበሬው ያቀረበ ድርጅት ተብሎ ይታወሳል። የምርምር ቤትነቱ ግን ብዙ አይነገርም። ቁሉምሳ የሙከራ ማሳው ነበር። የእርሻ መሣሪያዎች ክፍሉ ማረሻ፣ ጋሪና መውቂያ እየሠራ ይፈትሽ ነበር። ትምህርታቸውን ገና የጨረሱ ስዊድናውያንና ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ስለ አፈሩ፣ ስለ ገበያውና ስለ ጭሰኛው ኑሮ ያጠኑት ሁሉ ተራ ቁጥር እየተሰጠው ታተመ። ከነዚያ ጥናቶች መካከል የድርጅቱን የራሱን ገመና የገለጡም አሉ፤ ስንዴው አትራፊ ሲሆን ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞችን ማፈናቀል መጀመራቸው የተመዘገበው በዚሁ መንገድ ነው።

ማዕረጉ አልነበረም፤ ሥራው ግን ነበር። ከውጭም ከውስጥም የመጣ ወጣት ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት አንድ ጥያቄ ይዞ፣ ከአንድ ማሳ ጋር እየዋለ፣ ውጤቱን በስሙ እያሳተመ ይሰነብት ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ካዱ መላውን አርሲ እንዲሸፍን ሰፍቶ «አርዱ» ተባለ። ቁሉምሳ በኋላ በብሔራዊው የግብርና ምርምር ሥርዓት ሥር ገባ፤ የመሣሪያ ምርምሩን ፈለግ ደግሞ ዛሬ በኦሮሚያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የአሰላ ግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል ይዞታል።

ካዱን የደገፈው የስዊድን ገንዘብ በሌላ ቦይም ይፈስስ ነበር። የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በ1961 ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ የፊዚክስ ምሁራን የጀመረው ፕሮግራም ከጊዜ በኋላ ኬሚስትሪንና ሒሳብን ጨምሮ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፕሮግራም ሆነ፤ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ቡድኖችም ለረጅም ዓመታት ደጋፊ ሆኖ ቆየ። አካሄዱ ሰውየውን ከአገሩ አይነቅልም። ተመራማሪው የሥራ ቦታውን ሳይለቅ ለወራት ወደ ስዊድን ቤተ ሙከራ ይሄዳል፤ ለክቶ ይመለሳል፤ እንደገና ይሄዳል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1964፣ ፓኪስታናዊው አብዱስ ሳላም በጣሊያኗ ትሪየስት ከተማ ዓለም አቀፉን የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል መሠረተ። ሳላም ችግሩን በራሱ ላይ አይቶታል። በ1951 ከካምብሪጅ ወደ ላሆር ተመልሶ ማስተማር ቢጀምርም የሚነጋገርበት የሙያ ባልደረባ አጥቶ በ1954 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ስለዚህ በማዕከሉ የተባባሪነት ሥርዓት ዘረጋ፦ የታዳጊ አገር ሳይንቲስት ቋሚ ሥራውን አገሩ ላይ እንደያዘ በየተወሰነ ጊዜ ወደ ትሪየስት እየመጣ የሚሠራበት። የማዕከሉ ስም ቲዎሪን ቢያስቀድምም ከ1980ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፕሮሰሰርና በመለኪያ መሣሪያዎች ላይ የተግባር ሥልጠና ሲሰጥበት ኖሯል። ኡፕሳላና ትሪየስት ለኢትዮጵያ የፊዚክስ መምህር በተግባር የፖስትዶክን ቦታ ተኩለታል።

በዚህ መንገድ ከተሠሩት ሥራዎች ለኤሌክትሮኒክስ የሚቀርበው ኮረንቲ የሚያስተላልፉ ፖሊመሮች ጥናት ነው። ፕላስቲክ መብራት አያስተላልፍም የሚለውን የቆየ ግምት የሚያፈርሱ እነዚህ ቁሶች ለፀሐይ ሴልና ለኃይል ማከማቻ ይፈለጋሉ። እንደ ወንድምአገኝ ማሞና ሽመልስ አድማሴ ያሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ከስዊድን ቤተ ሙከራዎች ጋር ተጣምረው በዚህ መስክ አሳትመዋል። ሽመልስ ከሊንሾፒንግ ባልደረቦቻቸው ጋር የመረመሩት አንዱ ቁስ ከእንጨት የሚገኘው ሊግኒን ነው፤ ከፖሊመር ጋር ሲዋሐድ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል።

ሌሎች ደግሞ ከዋናው በር ገብተዋል። የታዋቂው የግዕዝ ሊቅ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ ሶስና ኃይሌ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ በጀርመኗ ሽቱትጋርት ማክስ ፕላንክ ተቋም መጀመሪያ በፉልብራይት፣ ቀጥሎ በሁምቦልት ድጎማ ተቀምጠዋል። በጠጣር ነገር ውስጥ አዮኖች እንዴት እንደሚጓዙ የሚመረምረው ሥራቸው በኋላ ጠጣር አሲድን የሚጠቀም የነዳጅ ሴል ወደ መሥራት አመራቸው። እንዳወቀ ይዘንጋው ደግሞ አውስትራሊያ ተምረው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሲሠሩ «አምበር» የተባለውን የአፍሪካ ማግኔቶሜትሮች መረብ መሥርተዋል፤ ከጣቢያዎቹ አንዱ አዲግራት ነው። አባ ጉዌን በ1957 የጀመሩት ልኬት በሌላ ትውልድ እጅ ሰፋ ማለት ነው። ባሕር ዳርም በፊንላንዱ ኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ራዳርን ባጠኑት በባይሌ ዳምጤ ዘመን በዚሁ መስክ የራሷን የራዳርና የሕዋ ቤተ ሙከራ አገኘች። ስሙ ከቅኔው ደብር ጋር አንድ ነው፦ ዋሸራ።

ታዲያ ማዕረጉ በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲዎች ለምን ሥር አልሰደደም? መልሱ በከፊል በደረጃ መሰላሉ ውስጥ ነው። ረዳት ምሩቅ፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር። ዶክትሬቱን የያዘ ሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት ይሻገራል፤ በሁለቱ መካከል ለምርምር ብቻ የተተወ እርከን የለም። የተመለሰው ዶክተር የሚጠብቀው የሦስት ኮርስ ጭነት፣ የተማሪዎች ማማከርና የኮሚቴ ስብሰባ ነው። ማዕረጉ በአገር ውስጥ ቀድሞ የተለመደው ከዚህ መሰላል ውጭ በቆሙ ቤቶች ነው፦ በ1970 በስዊድንና በኖርዌይ ድጋፍ ለሥጋ ደዌ ምርምር በተቋቋመው አርማወር ሀንሰን፣ በ1974 በተመሠረተውና ዛሬ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት በሚባለው ማዕከል። ሁለቱም ባለ መሣሪያ ናቸው፤ ሁለቱም የሕይወት ሳይንስ ናቸው። ኤሌክትሮኒክስ ተመሳሳይ ቤት አላገኘም።

በአርሲ አቅጣጫ ለዚህ የቀረበው አዳማ ነበር። በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ተቋም በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በፕሬዚዳንትነትም ከሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የመጡት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ፕሮፌሰር ጃንግ ጊዩ ሊ ተሾሙበት። በዚያን ጊዜ የአሰላ ግብርናና ጤና ግቢዎች የአዳማ አካል ነበሩ። ወረዳውን የሚያውቅ የግብርና ሰውና አምፕሊፋየር የሚነድፍ መሐንዲስ በአንድ ሴኔት ሥር ተቀመጡ። በ2014 ግን የአሰላዎቹ ግቢዎች ተነጥለው አርሲ ዩኒቨርሲቲን መሠረቱ፤ ምህንድስናው አዳማ ቀረ። በመካከላቸው 75 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና ሁለት በጀት ገባ።

ግብርናንና ኤሌክትሮኒክስን መልሶ ያገናኘ ነገር ቢኖር ዋግ ነው። በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ የተገኘው «ዩጂ 99» የተባለ የግንድ ዋግ ዓለምን አስደነገጠ፤ ኖርማን ቦርላግ በ2005 የማስጠንቀቂያ ደወል ከደወሉ በኋላ የየአገሩ የስንዴ ዝርያ በኬንያው ንጆሮና በኢትዮጵያ ማሳዎች፣ ቁሉምሳን ጨምሮ፣ መፈተን ጀመረ። በ2010 ቢጫ ዋግ በስፋት ይዘራ የነበረውን ኩብሳን መታ። ከዚያ ገበሬው ወደ ዲገሉ ዞረ፤ ስሙ ከአሰላ በስተደቡብ ያለውን ወረዳ ያስታውሳል። በ2013 ደግሞ ሌላ የግንድ ዋግ ዘር መጥቶ ዲገሉን በባሌና በአርሲ ጣለው። በየጊዜው የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነበር፦ የመጣው የትኛው ዘር ነው? መልሱ የሚገኘው ናሙና ወደ ውጭ ቤተ ሙከራ ተልኮ፣ ብዙ ወራት ተጠብቆ ነበር።

በ2018 የብሪታንያው ጆን ኢንስ ማዕከል፣ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከሉ ሲሚትና የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ያን ጥበቃ ወደ 48 ሰዓት የሚያወርድ «ማርፕል» የተባለ ዘዴ ሆለታ ላይ ሞከሩ። የዘዴው ልብ በእጅ መዳፍ የሚያዝ፣ በዩኤስቢ ገመድ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ «ሚንአዮን» ነው። መሣሪያው የሕይወት ሳይንስ ዕቃ ይመስላል፤ ሲከፈት ግን የአናሎግ ኤሌክትሮኒክስ ሥራ ነው። የዋጉ ዲኤንኤ በጥቃቅን የፕሮቲን ቀዳዳዎች ውስጥ ሲሾልክ በቀዳዳው የሚያልፈውን የአዮን ኮረንቲ ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። ለውጡ የሚለካው በፒኮአምፔር፣ ማለትም በአምፔር አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሥር ያለው ሰርኪት ያን ኮረንቲ አጉልቶ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ 512 መስመሮች በአንድ ጊዜ ይነበባሉ። አራት ኪሎ ላይ መስታወት ያዞር የነበረው ጋልቫኖሜትርና ይህ ቺፕ በመርህ ዘመዳሞች ናቸው።

ለኢትዮጵያዊ የኤሌክትሮኒክስ ዶክተር ዛሬ የተከፈቱት በሮች በአብዛኛው ባሕር ማዶ ናቸው፦ የጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽን፣ የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ ድጎማ፣ ትሪየስት የሚገኘው የታዳጊ አገሮች ሳይንስ አካዳሚ ከቻይና፣ ከሕንድና ከፓኪስታን ጋር የሚሰጣቸው ቦታዎች። የሚለካው ነገር ግን ደጁ ላይ ነው። ከአሰላ ማዶ ዝዋይንና ላንጋኖን በሚለየው የአሉቶ እሳተ ገሞራ ላይ የውጭና የአገር ውስጥ ቡድኖች ኤሌክትሮድና ጥቅልል ሽቦ ተክለው የምድርን የተፈጥሮ ኮረንቲ በመስማት የሞቀ ውኃውን መንገድ ይፈልጋሉ። በጭላሎ ግርጌ የአፈር እርጥበት፣ የቅጠል ላይ ጤዛና የሌሊት ሙቀት ዋግ መቼ እንደሚነሳ ይወስናሉ፤ ከ2017 ገደማ ጀምሮ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የብሪታንያ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር የሚያወጡት የዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያም የሚቆመው በእንዲህ ያለ የአየር ጠባይ መረጃ ላይ ነው።

በቁሉምሳ ማሳ ላይ ግን የዕለቱ ዋና መለኪያ አሁንም የሰው ዓይን ነው። ዋግ ግንዱንና ቅጠሉን ምን ያህል እንደሸፈነ በመቶኛ የሚገመተው በእይታ ነው፤ ገማቹ ለዓመታት ከቀደሙት ጋር እየተስተካከለ ዓይኑን ያርማል። መዝጋቢው ጎንበስ ብሎ ግንዱን በጣቱ ያዞራል፤ ጥቂት አይቶ «ስልሳ» ይላል፤ ከቁጥሩ ጎን ዝርያው ተጋላጭ ወይም ተቋቋሚ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ጽፎ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል።